ካርቡራተር ፍለጋ እስከ ባቱ

ቅዳሜ ማልጄ ከአዳማ የወጣሁት አንድ የሞተር መጋዝ እንደ አራስ ልጅ በጋቢ ጠቅልዬ ነው። ጉዳዩ የክብር ነበር። አማቴ እማማ ዘነቡ ግቢ ውስጥ የደረቀ ግራር አለ፤ የአዳማ ነፋስ ገፍቶ ገፍቶት ከኩሽናቸው ቆርቆሮ ጋር ሊሳሳም ምንም አልቀረውም። በቤተዘመድ ፊት፣ «እሁድን አያልፍም! ሌላ ቆራጭ ከጠራችሁ አማች አትበሉኝ» ብዬ ማልኩ።

መጋዙን ከጓደኛዬ ተዋስኩ። በባጃጅ ሳመጣው ቤንዚን እያንጠባጠበ ሱሪዬን ስላበላሸ፣ ከቤንዚን ማጠራቀሚያው ክዳን ሥር ፌስታል አድርጌ ግጥም አድርጌ ዘጋሁት። ጠብታ አልወጣም፤ ይህን ጥበቤን ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ። ሞተሩ ግን ቅርፊቱን እንደነካ ቀጥ አለ። የሰፈራችን መካኒክ ከሩቅ አይቶ ፈረደ፦ «ካርቡራተሩ ነው። ባቱ ሂድ፤ የመስኖ ፓምፕ የሚጠግኑ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ።»

ሞጆ፣ ሦስት ሰዓት

ጠዋት አዳማ መናኸሪያ ላይ ረዳቱ፣ «ፋዘር፣ ይሄ ነገር ቤንዚን አለው?» ብሎኝ ነበር።

«ደፍቼዋለሁ፤ እየጾመ ነው» አልኩት። የሁለት ሰው አስከፍሎ ጫነን።

ሞጆ ላይ መኪና ስንቀይር አንድ ሞተረኛ ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን በጠርሙስ ሰጠኝ። ክዳኑን ማንም እንዲነካብኝ ስለማልፈልግ ራሴው ሞልቼ ዘጋሁት። ሰውየው ካንዴላውን ጠራርጎ ገመዱን ሳበ። ግራራራ! ድምፁ ቢሾፍቱ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ሰውየውን አቅፌ ሳልጨርስ ሞተሩ ቀጥ።

«ካርቡራተሩ ነው» ብሎኝ ሄደ።

መቂ፣ አምስት ሰዓት

ቆቃን በመስኮት ተሰናብቼ መቂ ደረስኩ። አንዲት የቲማቲም ነጋዴ በሳጥኖቿ መሃል ቆማ፣ «አምጣው ወንድሜ፣ የእኔም ፓምፕ እንዲህ ያደርግ ነበር» አለችኝ። እኔ ለጉዞው ወደ ጠርሙሱ የመለስኩትን ቤንዚን ሞላሁ፣ እሷ በካቻቢቴ አንዷን ብሎን ትንሽ አዞረች። ተነሳ! ሁለት ቲማቲም በልቼ ሳልጨርስ ቀጥ።

«ካርቡራተሩ ነው» አለች። ከአዳማ እስከ መቂ ካርቡራተር የማያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ባለቤቴ ደወለች። «ነፋሱ በርትቷል። እማዬ ምድጃዋን ደጅ አውጥታለች። ወንድሜም ቆራጭ ልጥራ እያለ ነው።»

«በልጆቻችን ይሁንብሽ፣ እስከ ነገ ያዢው!»

ባቱ፣ ስምንት ሰዓት

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ገመቹ?»

«ፈያ፤ ና ግባ።»

አርባ መካኒክ ተስፋ የቆረጠበት መጋዝ መሆኑን አስረዳኋቸው። ኦቦ ገመቹ ቤንዚኑን አስሞልተውኝ ሞተሩን አስነስተው አገጫቸውን ይዘው ጠበቁ። ሊሞት ሲያጣጥር የቤንዚኑን ክዳን ትንሽ ላላ አደረጉት። «ስስስስ» ብሎ አየር ሳበና ነፍስ ዘራ። ከዚያ አጥፍተው፣ ፌስታሌን በሁለት ጣታቸው እንደ ሞተ አይጥ መዘዙት።

«ይሄን ማን ከተተው?»

«መጋዙን ያዋሰኝ መሃይም ነው!» አልኩ። ብዙ ዋሽቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ፈጥኜ ግን አላውቅም።

«ስታገኘው ንገረው። ቤንዚኑ ሲወርድ በቦታው አየር መግባት አለበት፤ ክዳኑ ላይ ያለችው ቀዳዳ ለዚያ ናት። ለመሙላት ሲከፈት ይተነፍሳል፤ ሲዘጋ ይታፈናል። ካርቡራተሩ ምን በደለ?»

ማንጠባጠቡንም አዲስ የላስቲክ ቀለበት አስገብተው አቆሙልኝ። ስሰናበታቸው ፌስታሉን እጄ ላይ አደረጉት። «ለመሃይሙ አድርስልኝ።»

አዳማ፣ እሁድ

ግራሩን በገመድ ወጥረን ቆረጥኩት፤ ባዶው ሜዳ ላይ ዘፍ አለ። እማማ ዘነቡ ምድጃቸውን አስገብተው መረቁኝ። ቤተዘመዱ እንዴት እንደጠገንኩት ሲጠይቀኝ፣ «ካርቡራተሩን ሰማንያ ቦታ ፈታሁት...» ብዬ ስጀምር ባለቤቴ ለማጠብ ካነሳችው ኮቴ ኪስ ፌስታሉን አወጣች።

«ቤንዚን ቤንዚን የሚሸተው ይሄ ምንድን ነው?»

ሁሉንም ተናዘዝኩ። ከጉዞው የተማርኩት፣ ጥፋተኛ ከመፈለግ በፊት የራስን እጅ ማየትን ነው። ማጋነኑን ግን አልተውኩም። ለእሱም ባለቤቴ መላ አበጅታለታለች፦ ወሬዬ ሲሞቅ ያቺን ፌስታል አጣጥፋ ከሳህኔ አጠገብ ታስቀምጣለች።

ወዲያው ቀጥ እላለሁ።