ሌሊሴ የጓደኛዋን የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ገልብጣ መጣች

አስቀድሞ ይህ ግልጽ ይሁን፦ ዩኒቨርሲቲ የምትመደቡት በየራሳችሁ ውጤትና ምርጫ ነው። ጓደኛሞች አንድ ዓይነት ምርጫ ስለሞሉ አብረው አይመደቡም።

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያለፈችው ሌሊሴ ዛሬ ከጓደኛዋ ከቦንቱ ጋር ቤቴ መጣች። ስልኮቻቸውን ጎን ለጎን አድርጌ ሳይ፣ የምርጫቸው ቅደም ተከተል ከላይ እስከ ታች አንድ ነው። እዚሁ ነቀምቴ ያለው ዩኒቨርሲቲ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል።

(ፈተና እንዳይኮራረጁ ስጠብቅ ኖሬ፣ በጡረታዬ ምርጫ ሲኮራረጁ ያዝኩ።)

የሌሊሴ እናት ታማሚ ናቸው፤ ከእሷ ሌላ አስታማሚ የላቸውም።

«ርቀሽ ብትመደቢ እሳቸውን ማን ያያቸዋል?» አልኳት።

«እሱ እኮ ነው እንቅልፍ የነሳኝ፣ ቲቸር። ግን ላንለያይ ከቦንቱ ጋር ተማምለናል።»

ቦንቱ ጮኸችባት። «አንቺ! እኔ የሞላሁት ከአባቴ ቁጣ ለመራቅ ነው። አንቺን ምን አስሮጠሽ?»

ሌሊሴ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነቀምቴን አንደኛ አደረገች። ውጤቷ ጥሩ ነው፤ ተስፋ አለን።

ማስተካከል የሚቻለው እስከ ነገ ብቻ ነው። እዚህ ዙሪያችን በጉቶ ጊዳም ሆነ በቢላ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ የሞሉትን ዛሬውኑ አብራችሁ እዩ። እንዲህ ያጋጠማችሁ ካላችሁ፣ ሳይዘጋ እንድንደርስበት አሁኑኑ ከታች ጻፉልኝ።