እህቴ ውጭ ያልቆመችበት ዓመት

የወር አበባ ሲመጣብን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንገባም፤ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆመን እናስቀድሳለን። የከተማችን የመቱ ዝናብ ደግሞ ለማንም አያዝንም። ስንት ቅዳሴ በስብሼ እንዳሳለፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው። የዞን ቢሮ ጸሐፊ የነበረችው ታላቅ እህቴ ግን በዚያ ዓመት አንድም እሑድ ውጭ አልቆመችም።

መጀመሪያ የነቃችባት እናቴ ናት። በሩን ዘግታ «ከማን ነው?» አለቻት። እህቴ ሳቀች። ተመርምራ እርጉዝ አለመሆኗ ሲታወቅ እናቴ ተመስገን ብላ ተወችው። ጎረቤታችን እትዬም «ዋቀቱ ቤካ፣ እግዜር ያውቃል» አሉ። ጸጋ በዝቶላት ነው የሚሉም ነበሩ፤ እነሱን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሁዳዴ አልቆ ፋሲካም አልፎ፣ ልጅቷ በእፍኝ ቆሎ ነበር የምትውለው። አብረን ስንተኛ አጥንቷ ጎኔን ይወጋኛል። እንዳትሞትብኝ እፈራ ነበር።

ግንቦት ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድናት።

«እማማ፣ ሰውነት ስቡ ሲያልቅበት ለልጅ የሚሆን አቅም የለኝም ይላል» አለች ሐኪሟ። «ከአንጎል ወደ እንቁላል ማምረቻው የሚሄደው ትእዛዝ ይቆማል፤ ሆርሞኑ ይወርዳል፤ የወር አበባውም ይቀራል። ክብደቷ ሲመለስ ብዙ ጊዜ እሱም ይመለሳል። እንዲህ ከቆየች ግን አጥንቷም ይጎዳል።»

«እግዚአብሔር ነው ያቆመልኝ» አለች እህቴ ቀስ ብላ። «ሁሌ ወደ ቤቴ ግቢ ብሎኛል። ከበላሁ ያስወጣኛል።»

ለካ ከረሃቧ ጋር ተስማምታ ኖሯል።

እናቴ ልመና ሲሰለቻት የነፍስ አባታችንን ጠራች። «በበዓለ ሃምሳ ማን ጹሚ አለሽ? ብዪ፤ ንስሐሽ ይኸው ነው» አሏት። ትእዛዝ ስለሆነባት በላች። እንደ መድኃኒት፣ ዓይኗን ጨፍና። ክረምቱ አልፎ ጉንጯ ሞላ።

ጥር ላይ ደሙ መጣ። እናቴ በደስታ አለቀሰች። እህቴም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ የእሷ ግን የሐዘን ነበር። «ምን በደልኩት?» አለችኝ።

አሁን አግብታ ያዮ ነው የምትኖረው፤ ልጆችም ወልዳለች። ሁዳዴ በገባ ቁጥር እየደወልኩ ምን እንደቀመሰች እጠይቃታለሁ።

«በልቻለሁ» ትለኛለች።

አላምናትም።