በሾላ አፋፍ የወደቀው ሁለተኛው ድንጋይ

የአንድ ሰው ዕድሜ ሲጠቀለል ምን ያህል ይሆናል? የጥሩብርሃን አለበል ስድሳ አንድ ዓመት አንድ አቁማዳ አልሞላም። ስትሞት ከአልጋዋ ስር የወጣው የአባቷ መዶሻ፣ የደረቀ ወናፍና ሠላሳ ክንድ የቃጫ ገመድ ነበር። ገመዱ አፈር እንኳ አልነካውም፤ አዲስ ነው። ቀባሪዎቹ ተያዩ እንጂ እጁን የዘረጋ አልነበረም። ለምን እንደተገመደ ሁሉም ያውቃል።

ሾላ አፋፍ ከዲማ ወዲህ፣ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ማዘንበል በሚጀምርበት ላይ ያለች መንደር ናት። ጥሩብርሃን የቀጥቃጩ የአለበል ልጅ ነበረች። የመንደሩ ማረሻ ሁሉ በአባቷ መዶሻ ስር አልፏል፤ ማረሻውን የሚወስዱት ሰዎች ግን በደጃፏ ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። ዓይኗን ፈርተው ነው። የሚያገባትም አልተገኘም። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ወናፍ ስትነፋ ስላደገች ብረትን በድምፁ ትለየዋለች፤ የጋለውን፣ የተሰነጠቀውን፣ ውስጡ ያልበሰለውን። አባቷ ከሞተ በኋላ ማጭድ እየሳለች በዚያው ኖረች።

በ1995 ዓ.ም. ሚያዝያ ማለቂያ፣ ዓርብ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ሰማዩ አጉረመረመ። ደመና አልነበረም። የግዙፍ ወናፍ ትንፋሽ የመሰለ ነገር ከጮቄ ተራራ በኩል መጥቶ በጥሩብርሃን አናት ላይ አለፈና ለዘር በታረሰው ማሳ ላይ ዱም አለ። ጥሩብርሃን ማጭዱን እንደያዘች ቆመች። የመዶሻ ምት መቁጠር ልማዷ ነው። አንድ። ትንፋሽ ያህል ቆይቶ ሌላው ከመንደሩ በታች ካለው ገደል ውስጥ መጣ፤ ቀጠን ያለ፣ ብረት ከአለት ጋር ሲጋጭ የሚሰጠው ድምፅ። ሁለት።

ማሳው ላይ የልጅ ራስ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ግማሹ ተቀብሮ አገኘች። ቆዳው ብረት በእሳት ሲግል እንደሚጥለው አር ነው፤ በተሸረፈው ጎኑ ውስጥ የብረት ፍንጣቂ ያበራል። በደረቅ ጆንያ ጠቅልላ ጭድ ውስጥ አኖረችው።

ወሬ ቀደማት። ቀኑ ሳይመሽ ቄስ ገዳሙ ከሽማግሌዎች ጋር መጡ።

«ከሰማይ የወረደ ነገር በቀጥቃጭ ቤት አያድርም» አሉ።

«ይውሰዱት አባ። ብቻ ውሃ አያስነኩት። ውስጡ ብረት አለ፤ ዝገት ይበላዋል።»

«የምንነክረው በጠበል ነው። ጠበል ውሃ ነው እንዴ አንቺ?»

«ለነፍስ አይደለም አባ። ለብረት ግን ውሃ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ቄሱ አልሳቁም።

ድንጋዩ ሰባት ቀን ገንዳ ውስጥ ተነከረ። ሕመምተኛ ከውሃው ጠጣ፤ ከብት ተረጨበት። በሦስተኛው ቀን ውሃው ቀላ። «ድንጋዩ ደማ» ተባለ። ቄስ ገዳሙ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የፈሩትን ነገር በሚያውቁት ነገር ሊያጥቡ የሞከሩ ሰው ናቸው፤ ከዚህ የተሻለ የሚያደርግ ብዙ አይደለም። በሳምንቱ ግን መብረቅ የወለተ ኪዳንን በሬ ከነቀንበሩ ጣለው። ያን ጊዜ መንደሩ ዓይኑን ከድንጋዩ አንስቶ ወደ ጥሩብርሃን አዞረ። መብረቁን ጠርታው ነው፣ ተባለ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ምንጩ የምትወርድበት መንገድ በእሾህ ታጥሮ አገኘችው። ማጭድ የሚያመጣም ቀረ።

በግንቦት አጋማሽ የድንጋይ ተመራማሪዎች በመኪና መጡ። አለቃቸውን ሁሉም ዶክተር ይለዋል፤ አብራው ሕሊና የምትባል ተማሪ ነበረች። ዶክተሩ ድንጋዩን ከጨርቁ ሲፈታው ቀይ ዱቄት በመዳፉ ላይ ረገፈ። ዱቄቱን በጣቱ አሸት አሸት አደረገው።

«በውስጡ ይዞት የመጣውን ታሪክ ውሃው በልቶታል» አለ። «ሲወድቅ የነበረ ማን ነው?»

ወንዶቹ ተንጋጉ። ዕለቱን ደብረ ማርቆስ ገበያ የዋለ ሰው ሳይቀር እሳቱን ከሰማይ ሲወርድ አይቻለሁ ብሎ ፈረመ። ጥሩብርሃን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከሾላው ስር ቆማ ነበር። ሕሊና አየቻትና ወጣች።

«እማማ፣ እርስዎ አይተዋል?»

«አላየሁም። ሰማሁ። ሁለት ነበሩ።»

«ቀጥቃጭ ሲባል ሁልጊዜ መዶሻ ነው የሚሰማው!» አለ አንዱ ከውስጥ። ሳቅ ሆነ።

ጥሩብርሃን ዞር አላለችም። «ሁለተኛው ገደሉ ወገብ ላይ፣ ከአለቱ ጥላ ስር ነው የገባው። ደረቅ ቦታ ነው። ጠበልም አልነካውም፤ ዝናብ በንፋስ ሲመታ ግን ይደርስበታል። ሰኔ ሳይገባ መውጣት አለበት።»

ሕሊና እየሮጠች ሄዳ ለዶክተሩ ነገረችው። ዶክተሩ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ።

«ዝናብ ከያዘን ከዚህ ጭቃ አንወጣም። በሚቀጥለው ዓመት እንመለሳለን። ደግሞ በአንዲት ሴትዮ ጆሮ ሰው ገደል አላስገባም።»

ልጅቷ ተመልሳ መጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ያሉትን ሁሉ ጽፌዋለሁ እማማ። ስምዎንም ጽፌዋለሁ።»

«ስሜ ገደል አይወርድም ልጄ» አለች ጥሩብርሃን።

መኪናው ሄደ። ጥሩብርሃን ቃጫ ስታለፋና ስትገምድ ሰነበተች። ሰው ከሚመሰክር ይልቅ ነገሩ ራሱ ቢመሰክር ይሻላል ብላ ሳታስብ አልቀረችም፤ ድንጋዩ ሳይርስ ከወጣ መስማቷም እውነት፣ የቀላውም ውሃ ዝገት፣ የበሬውም ሞት የመብረቅ ሥራ ይሆናል። ካልወጣ ግን እስክትሞት ድረስ የጠራችው እሷ ናት።

ግንቦት ሊያልቅ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ፣ ገመዱን በትከሻዋ ጠምጥማ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆመች። ጮቄ አናቱ ጠቁሮ ነበር። ነፋሱ የእርጥብ አፈር ሽታ ያመጣል። ሰዎቹ እንደ ወንዝ ለሁለት ተከፍለው በግራና በቀኟ አለፉ። ቄስ ገዳሙ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ፤ የሚሉት ያላቸው ይመስሉ ነበር፤ ግን ተመልሰው ወደ ውስጥ ገቡ።

«ማንም አይውረድ» አለች ጥሩብርሃን ለሚያልፈው ሁሉ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ድንጋዩንም ማንም አይንካው፤ እኔ እነካዋለሁ። ፊቴንም አትዩት፣ ጀርባችሁን አዙራችሁ ገመዱን ያዙት። ገመዱን ከላይ የሚይዝልኝ አንድ ሰው ብቻ ስጡኝ።»