ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የጎረስኩት ኮቾሮ

ማለዳ፣ ነፋስ ስልክ

ከነፋስ ስልክ የተነሳነው ለወታደሮች ስንቅ ልናደርስ ነው። የድንበሩ ጦርነት በተነሳ በሰባተኛው ወር፣ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ፣ የሰፈራችን ሴቶች ገብስ ስንቆላ፣ በሶ ስናስፈጭ፣ ዳቦ ቆሎ ስንጠብስ ሰነበትንና ጆንያዎቹን በአንድ ኢሱዙ ጭነን እኛም ላዩ ላይ ወጣን። ከደብረ ዘይት ወዲያ ካለው ማሰልጠኛ ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ወደ ግንባር ይነሳሉ ስለተባለ ቀድመን መድረስ ነበረብን።

እኔ የራሴም ጭንቀት ነበረኝ። አገሬ ጎጃም ነው፤ እዚህ ከተማ ዘመድ የለኝም። ግንባር ያለው ታናሽ ወንድሜ ደምሴ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። እሱ እስኪመለስ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ላልቀምስ ተስያለሁ። ስእለቴን ያፈረስኩ ቀን እሱን አንድ ነገር የሚያገኘው ይመስለኛል።

ዱከም

ቃሊቲንና አቃቂን አልፈን ዱከም ስንደርስ ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ቆመ። የሽንብራ እሸት አንዱ እስር ሃምሳ ሳንቲም ነው። ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ሁለት እስር ገዝተው መፈልፈል ጀመሩ።

«ስንዱ፣ አንድ ፍሬ እንኳ?»

«ሰዓቴ አልደረሰም፣ እትዬ።»

«ግድ የለም፣ ረመዳን ሲገባ ትበቀይኛለሽ» ብለው ሳቁ።

እኔ ግን መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። ሾፌሩ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፤ እኔ ፀሐይዋን አያለሁ።

ማሰልጠኛው

ስንደርስ እኩለ ቀን አልፏል። መኪኖቹ ሞተር አስነስተዋል፣ ግማሹ ወታደር ተሳፍሯል። ስንቁን እየሮጥን አደልን። ከተቀበሉኝ አንዱ፣ ጢም ያላበቀለ ቀጭን ወታደር፣ ተመልሶ መጣ። በጣሳ ሻይ ይዟል። ኮቾሮ የሚሉትን ድንጋይ የመሰለ የወታደር ብስኩት ሻዩ ውስጥ አርሶ ወደ አፌ አስጠጋው።

«እትዬ፣ እንግዳ እንዲሁ አይመለስም።»

«ጾመኛ ነኝ፣ ወንድሜ። በእጄ ስጠኝና በኋላ እበላዋለሁ።»

ጓደኞቹ ከመኪናው ላይ ሰምተው ኖሮ፣ «የአንተን ኮቾሮ እንኳን ሰው ጅብም አይጎርስልህ» አሉት።

እሱ አልሳቀም። «እናቴን ሳልሰናበት ነው የወጣሁት» አለኝ። «አንድ ሰው አጉርሼ ልሂድ ብዬ ነው።»

እጁ እንደተዘረጋ ነው፤ ሻዩ በጣቶቹ መሃል ይንጠባጠባል። ለዘጠኝ ገና ነው። እምቢ ብለው እጁን አጥፎ ጦርነት ሊሄድ ነው። እሺ ብለው ደግሞ ደምሴ...

አፌን ከፈትኩ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለና ደገመኝ። ከዚያ ሮጦ መኪናው ላይ ተንጠለጠለ።

መመለሻ

መንገዱን ሙሉ አፌ ውስጥ ስኳር ስኳር ይለኛል፤ ልቤ ግን አልረጋም። እትዬ ዘይነባ አይተውኝ ነበር፤ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከሉልኝ። ነፋስ ስልክ እንደወረድን ቤቴ ሳልገባ ወደ ነፍስ አባቴ ሄጄ ነገርኳቸው። ቀኖና ይሰጡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ።

«ደምሴም ዛሬ ለአንዲት ሴት እጁን ዘርግቶ እንደሆነስ?» አሉኝ። «እምቢ እንዳትለው ጸልዪ።»

ስእለቴን አልተውኩም፤ አሁንም እስከ ዘጠኝ እጾማለሁ። ጸሎቴ ላይ ግን ከደምሴ ቀጥሎ አንዲት ስሟን የማላውቃት ሴት ገብታለች።