አያቴ ወደ ላይ የተኮሱት

አያቴን ከጣና ደሴት ከደቅ አምጥቼ ባሕር ዳር ቤቴ ያኖርኋቸው የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት ነው። ከቢሮ ሥራ የተረፈችኝ ጧት እሑድ ብቻ ናት፤ እሷንም ለእሳቸው ሰጥቼ ቤተ ክርስቲያን አደርሳቸዋለሁ። እሳቸው ግን ከቅጥሩ በር አያልፉም። ውጭ ግንቡን ተደግፈው ቅዳሴውን ይሰማሉ። እኔም ጥያቸው አልገባ፣ አብሬያቸው ፀሐይ ይመታኛል።

ምክንያቱን ቤተ ዘመዱ ሁሉ ያውቀዋል። በጣልያን ጊዜ፣ ገና ጢም ሳያወጡ፣ በደንገል ታንኳ እንጨት ጭነው ወደ ባሕር ዳር ገበያ ተሻገሩ። እንጨቱን አራግፈው ታንኳቸውን ሊያደርቁ ሲያቆሙ የጣልያን ወታደሮች ያዟቸው። ጠመንጃ አስይዘው በገዛ ወገናቸው ላይ አዘመቷቸው። አብረዋቸው ከተያዙት የደቅ ልጆች የተመለሱት እሳቸው ብቻ ናቸው። ቤተሰቡ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ «ወደ ላይ ነበር የሚተኩሱት» ብሎ ይዘጋዋል።

የንስሐ አባታቸው የሰጧቸውን ቀኖና የጨረሱት እኔ ሳልወለድ ነው። «ተፈትተዋል፣ ይግቡ፣ ይቁረቡ» ቢባሉ ግን አሻፈረኝ። የእኔ ጭንቀት ሳይቆርቡ እንዳይሞቱብኝ ነበር።

አንድ እሑድ እግራቸው አብጦ ግንቡ ሥር ሲያቃስቱ ትዕግሥቴ አለቀ።

«አባባ፣ እግዚአብሔር የተወውን እርስዎ ምነው ይዘው ቀሩ? ወደ ላይ አልነበረም እንዴ የተኮሱት?» አልኋቸው።

ሕዝቡ መውጣት ሲጀምር መቋሚያቸውን እያሻሹ፣ «የሚበዛውን» አሉ።

«ምን አሉ?»

«የሚበዛውን ወደ ላይ ነው የተኮስሁት፣ ልጄ።»

ምነው አፌን በቆረጠው አልሁ። ከዚያ ወዲህ ይግቡ ማለቱን ተውሁ። በሚቀጥለው እሑድ ሁለት ዱካ ይዤ ሄድሁና ጎን ለጎን ተቀመጥን።

የገቡት ዐርፈው፣ በሰው ትከሻ ነው። ፍትሐቱ እስኪያልቅ ሳጥኑን እያየሁ ቆምሁ። ያን ሁሉ እሑድ በር ላይ አስቀምጠውኝ አሁን እንዲህ በቀላሉ መግባታቸው አናደደኝ፤ እዚያው አለቀስሁ።

ድንኳኑ ውስጥ ከደቅ የመጡት ዘመዶች ያንኑ ታሪክ አነሡ። አንድ ሽማግሌ፣ «ጣልያን በግድ ቢያስታጥቃቸውም አንዲት ጥይት ወገን ላይ አልተኮሱም» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «መቸም አንቺ አብረሻቸው ኖረሻል፤ አይደለም እንዴ?»

«ነው» አልኋቸው። ደክሞኝ ነበር፤ እሳቸውም አንዴ ገብተዋል።