ጓዳዬን በሚኒባስ ስሸጥ

እናቴ በስልክ «ክፍል ካለኝ እመጣለሁ፤ ሳሎን ላይ ግን አልተኛም» ስትለኝ፣ «ይሄማ ቀላል ነው» አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ስልኩን ዘግቼ የጓዳችንን በር ስገፋው፣ በሩ እስከ ግማሽ ሄዶ እምቢ አለ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። እናቴ ሙዱላ ከተማ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸዋል፤ በሯ ላይ የቆመውን ሰው የምትለየው በድምፁ ነው። እኔ የምኖርበት ሆሳዕና ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዞላት ሁለት ጊዜ ቀርታለች፤ አንዴ ላሟ ልትወልድ ነው ብላ፣ አንዴ ደግሞ ዝናቡን አልወደድኩትም ብላ። ሦስተኛውን ቀጠሮ ሲሰጠኝ ሐኪሙ ፊቱን አጠቆረብኝ። «በቆየ ቁጥር ይብስባታል» አለ። «ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ለሳምንታት በቀን አራት አምስት ጊዜ ጠብታ የሚያደርግላት ሰው ያስፈልጋል።» ሙዱላ ማን ያደርግላታል? ላሟ? ስለዚህ እኔ ጋ መጥታ መቀመጥ አለባት፣ ለመምጣት ክፍል ትፈልጋለች፣ ቀጠሮው ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ይህንንም ከቀረች ዓይኗን ታጣለች ብዬ እህል አልበላ አለኝ።

ጓዳው ውስጥ ያለውን ብዘረዝር አያልቅም። ጀርባው የተነፋ አሮጌ ቴሌቪዥን አለ። የልጅ አልጋ አለ፤ የተኛበት ልጅ ዛሬ ከአባቱ ይረዝማል። ሁለት ሶፋ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ ከሰርጋችን የተረፉ ቴርሞሶች፣ የማይሠራ ማቀዝቀዣ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ደግሞ የማይሠሩ ስልኮች። ባለቤቴ ሁለት ቀን ነድቶት ከዚያ ወዲህ ልብስ ማስጫ የሆነ የስፖርት ብስክሌትም ነበር። እኔ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው፤ አንድ ወረቀት ሲጣል ሆዴን ይቆርጠኛል። ባለቤቴ መምህር ነው፤ ምንም ነገር ሲያይ «ይጠቅማል» ይላል። እንዲህ ዓይነት ሁለት ሰዎች መጋባት አልነበረባቸውም፤ ሽማግሌዎቹ በደንብ አላጣሩም።

ሰዉ ከላም እስከ ላፕቶፕ የሚሻሻጥበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አለ። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ። «በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ» ብዬ ጻፍኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ወዲያው መልእክት ይጎርፍ ጀመር። አንዱ «አለ?» ይላል፤ «አለ» እላለሁ፤ በዚያው ይጠፋል። ሌላው የመጀመሪያውን ዋጋ ሳይጠይቅ «የመጨረሻ ስንት?» ይላል። በፍየል አይቀየርም ወይ ያለኝም ነበር። አንዷ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚታየውን መጋረጃ ወደደችው፤ መጋረጃው አይሸጥም ብላት ተቀየመችኝ። ሶፋውን ፎቶ ሳነሳ ባለቤቴ ተቀምጦበት ፈተና እያረመ ነበር፤ ተነሥ ብለው አልሰማ አለኝ፤ እንዳለ ለጠፍኩት። «ሰውዬውም አብሮ ነው?» ብለው ጻፉልኝ። «ማጓጓዣውን ከቻላችሁ» ብዬ መለስኩ።

ስሕተቴ «ቤት መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ» ማለቴ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ቤት ገብቶ ዝም ብሎ ይወጣል እንዴ? መጀመሪያ ሶፋውን ሊያዩ የመጡት ባልና ሚስት ነበሩ። ሶፋ ለማየት መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ከተቀመጡ እጅ ማስታጠብ ይመጣል፤ እጅ የታጠበ ሰው ደግሞ ባዶውን አይሸኝም። ቆጮ ከአይብና ከጎመን ጋር አቀረብኩ። ባለቤቴ የሰውዬውን አጎት የሚያውቀው ሆኖ ተገኘ፤ ወሬው ደራ። ሊሄዱ ሲነሱ ሰውዬው ጸለየልን፤ ለቤታችን፣ ለልጃችን፣ ለእናቴም ዓይን ሳይቀር ጸለየ። አሜን ብለን እስከ አስፋልቱ ሸኘናቸው። ስለ ሶፋው ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

ከሁለት ሰዓት በኋላ መልእክት ላኩልኝ። «እህታችን፣ በጣም ጥሩ ሰዎች ናችሁ። ቤታችሁ በልተን እንዴት ዋጋ እንከራከራለን? አፈርን። ሶፋ ከሌላ ሰው ገዝተናል።» ያ ሌላው ሰው ውሃ እንኳን አላቀረበላቸውም ማለት ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስት ገዢ መጣ፣ አምስት ገዢ በላ። ከጓዳው አንድ እቃ ሳይወጣ ከኩሽናው ቆጮው አለቀ። ባለቤቴ «ማብላቱን ተዪዋ» አለኝ። ይህን የሚለው እንግዳ ሲመጣ ከእኔ ቀድሞ ማስታጠቢያውን የሚያነሳው ሰውዬ ነው።

ስለዚህ ገዢው ወደ እቃው ከሚመጣ፣ እቃው ወደ ገዢው ይሂድ አልኩ። መሥሪያ ቤቴ አንጋጫ ነው፤ በየቀኑ ከሆሳዕና እመላለሳለሁ። መንገዱ ያን ያህል አይደለም፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቁ ነው መንገዱ። ከአንጋጫ አንድ ሰው ቴሌቪዥኑን እገዛለሁ ብሎኝ ስለነበር፣ ታቅፌው ገባሁ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና «እሱም ይከፍላል» አለ። «ሕፃን ነው፤ እቅፍ ላይ ነው» አልኩት። ሚኒባሱ ሳቀ፤ እሱም ሳይወድ ሳቀና ነዳ።

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይሠራል?» አሉኝ።

«ይሠራል፣ አባባ።»

«እዚህ መሰኪያ የለም እንጂ እናየው ነበር» አሉ፤ እንዳላመኑኝ ያስታውቃል።

ከኋላ የተቀመጠች ሴትዮ ስንት እንዳልኩት ጠየቀችኝ። ዋጋውን ስናገር ግማሹ ተሳፋሪ በዛ፣ ግማሹ ደግሞ ረከሰ አለ። ከዚያ በኋላ እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። አንድ ወገን የእኔ ጠበቃ ሆነ፣ ሌላው የሴትዮዋ፤ ሾፌሩ ሳይቀር ዳገቱ ላይ ማርሽ እየቀየረ ሐሳብ ይሰጣል። ሽማግሌው መጨረሻ ላይ እጃቸውን አንሥተው «ይብቃ፣ በዚህ ተስማሙ» አሉ። በሽማግሌ የተባለ እምቢ አይባልም። ሴትዮዋ ከአንጋጫ በፊት ወረደች፤ ቴሌቪዥኑም አብሯት ወረደ።

አንጋጫ መናኸሪያ ስደርስ ቴሌቪዥን የሚጠብቅ ሰውዬ ቆሟል። ባዶ እጄን አየኝ። «ቃል የሚባል ነገር አታውቂም?» አለኝ በሰው ፊት። እውነቱን ነው። ይቅርታ ጠይቄው፣ በማግስቱ ክዳን የሌለውን ቴርሞስ በነፃ አመጣሁለት። ይበልጥ ተናደደብኝ።

ከዚያ በኋላ ሚኒባሱ ውስጥ ታወቅሁ። ገና ሳልገባ «ዛሬስ ምን ይዘሽ መጣሽ?» ይሉኛል። ቴርሞሶቹ በዚያው አለቁ። እኔ ግን በየቀኑ እያረፈድኩ ነበር። አንድ ቀን አለቃዬ ሰዓቱን አየና «ያስረፈደሽ መኪናው ነው ወይስ ሱቅሽ?» አለኝ። ወሬው ቢሮ ደርሷል ለካ። አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ አልኩ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያ የለጠፍሽው ብስክሌት አለ?» ሲለኝ ማመን አቃተኝ። ሐኪም ሰውነትህን አንቀሳቅስ ብሎታል። ብስክሌቱን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አሳስሬ አመጣሁለት። አሁን ቢሮው ውስጥ ቆሟል፤ ኮቱን ይሰቅልበታል።

ቀጠሮው ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ቀን፣ ከሥራ ስመለስ ግቢያችን ውስጥ አንድ ቁም ሳጥን ቆሟል። ባለቤቴ አጠገቡ ቆሞ እንደ ሙሽራ ይስቃል። የልጅ አልጋውንና ማቀዝቀዣውን ሰጥቶ በቅያሪ ያመጣው ነው። «እናትሽ ልብሷን የት ታደርጋለች ብዬ ነው» አለኝ። ቁም ሳጥኑ ባለ አራት በር ነው። እናቴ ሦስት ቀሚስ ነው ያላት። እኔ ስናደድ አልጮኽም፤ እቃ ነው የማጥበው። የታጠበውን ሰሐን ሁሉ አውርጄ እንደገና አጠብኩት።

በዚያው ንዴቴ እጄን ሳላደርቅ ግሩፑ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። «ሁለት ሶፋ፣ ቁም ሳጥን፣ ምንጣፍ፣ ሌላም ብዙ እቃ። በነፃ። እናቴ ለዓይን ሕክምና ልትመጣ ነው፤ ክፍል አጣሁላት። ነገ ቅዳሜ የመጣ ይውሰድ። ምግብ የለም።»

ይህ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ስሕተት ሆነ። ታማሚ ያለበት ቤት ከተባለ ሰው እቃ ሊወስድ አይመጣም፤ ሊጠይቅ ነው የሚመጣው። ሊጠይቅ የሚመጣ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በራችን አልተዘጋም። ሙዝ መጣ፣ አቮካዶ መጣ፣ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ መጣ። ምግብ የለም ያልኩትን አንብበው ነው መሰለኝ፣ ምግብ በሰሐን ይዘው የመጡም አሉ። ከሌላ ሰው ሶፋ የገዙት ባልና ሚስት ሳይቀሩ ትራስ ይዘው መጡ። ታማሚዋ ገና ሙዱላ ወተት እያለበች ነው። «እባካችሁ ሶፋውን ውሰዱልኝ» ስላቸው፣ እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጠው «ከታማሚ ቤት እቃ ይወሰዳል እንዴ?» ይሉኛል። እቃዬ ሳይቀንስ የሰው እቃ ተጨመረበት። ኩሽና ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ። አምስት ቀን ነው የቀረኝ፤ እናቴ ደግሞ ሰበብ ካገኘች እንደማትመጣ አውቃለሁ።

ከፊት ለፊታችን ያለው ባለ ሱቅ ጉራጌ ነው፤ አባቱም እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው ያረጁት። እሱም ብርቱካን ይዞ ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። ቤቱን ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ እኔ ያለሁበት መጣ።

«እህቴ፣ አንቺ መሸጥም አትችይም፣ መስጠትም አትችይም» አለኝ።

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«እቃውን ሱቄ በር ላይ አውጡልኝ። እኔ ጋ ማንም አልበላም፤ እኔን ማንም አያፍረኝም።»

ጠያቂዎቹ ሶፋውንም ቁም ሳጥኑንም ሌላውንም ራሳቸው ተሸክመው አሻገሩልን። ጉድ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። መንገዱን ሲሻገር እቃው የታማሚ ቤት እቃ መሆኑ ቀረ። ሶፋውን የተሸከመው ሰውዬ ገና መሬት ሳያስነካው «ስንት ነው?» ብሎ ባለ ሱቁን ይከራከረው ጀመር። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቁም ሳጥኑ ብቻ ቀርቷል፤ ሰኞ ባለ ሱቁ ራሱ ወስዶ ሳሙናና ብስኩት ደረደረበት። ጓዳውን ጠርጌ፣ ወልውዬ፣ አንድ አልጋ አስገባሁበት። ክፍሉ ተዘጋጅቷል ብዬ ስደውልላት «መጥቼ ልየው» አለች። በቀጠሮው ዋዜማ እናቴን ከመናኸሪያ ተቀበልኳት። በእጇ የያዘችው አንዲት ትንሽ ፌስታል ብቻ ነው።

«ሌላው እቃሽስ?» አልኳት።

«ምን ያደርግልኛል? ነገ እመለስ የለ?» አለች።

ቤት ስንደርስ እጇን ይዤ የክፍሏ በር ላይ አደረስኳትና ለቀቅኳት። መዳፏን ግድግዳው ላይ አድርጋ ቀስ እያለች መዞር ጀመረች። የሆነ ነገር እስኪያደናቅፋት እየጠበቀች እንደሆነ ገባኝ። አንደኛው ጥግ ደረሰች፤ ምንም የለም። ሁለተኛው ጥግም እንደዚያው። ሦስተኛው ጥግ ላይ አልጋው ነካት፤ ዳሰስ ዳሰስ አድርጋው ተቀመጠች።

«እቃውን የት አደረግሽው?» አለችኝ በቋንቋችን።

«በስልክ ለጥፌ ሸጥኩት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ እማዬ።»

ፌስታሏን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ቀጥላ «እውነቱን ልንገርሽ?» አለች። «ክፍል ካለኝ ያልኩሽ ክፍል ፈልጌ አልነበረም። የወለድኩሽ እኔ ነኝ፤ የተበጠሰ ጫማሽን እንኳን የማትጥይ ልጅ ነሽ። ያን ክፍል መቼም አትለቂውም ብዬ ነው። አልመጣም ብልሽ ይከፋሻል፤ ልምጣ ካልኩ ደግሞ ሸክም እሆንብሻለሁ። ቢላ ዓይኔን ይነካኛል ብዬም ፈራሁ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ የለፋሁት ሁሉ ፊቴ ላይ ድቅን አለና ተናደድኩ። ንዴቱ ግን አልቆየም። ያቺ ማንንም አትፈራም የምላት ሴትዮ «ፈራሁ» ስትለኝ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ጠብታውን የምታደርጊልኝ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ከሥራም ፈቃድ ወስጃለሁ።»

አልጋውን እንደገና በእጇ ዳሰሰችው። «እንግዲያው ሙዱላ ያለውን የእኔንም ቤት እቃ በዚያ ስልክሽ ሽጪልኝ» አለች።

እንባዬን እንዳታይብኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ማየት እንደማትችል ረስቼ። አፍንጫዬን ስስብ ሰማችኝ።

«እያለቀስሽ ነው?»

«አቧራ ነው» አልኳት።

«ክፍሉን አላጸዳሽውማ» አለችና ጫማዋን አወለቀች።