በተረት የተሠራች ባዝራ

ልጅ ሳለሁ፣ ጎሮ ላይ ተረት የሚቋረጠው በአውሮፕላን ነበር። አያቴ አባባ ይማም ማታ ማታ ከጋጣው ደጃፍ፣ ለትንኝ ከሚጨሰው ኩበት አጠገብ ተቀምጠው ሲያወሩኝ፣ ወደ ቦሌ የሚወርደው አውሮፕላን ቆርቆሯችንን ሊነካ የደረሰ ይመስል እያጓራ ይመጣል። ያኔ እጃቸውን አንስተው «ቆዪ፣ ይለፍ» ይሉና ዝም ይላሉ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ኩራዙ የሚበራው ለእኔ ብቻ ነበር። ወሎ ሳሉ ግን ፈረስ ሊገዛ የሚወጣ ሰው ሁሉ እሳቸውን ሳይዝ ገበያ አይሄድም ነበር አሉ።

ተረታቸው ሁሉ ሸጋ ስለምትባል አንዲት ባዝራ ነው። ሸጋ ሙሽራ ተሸክማ ደራሽ ውሃ ተሻገረች፤ ሸጋ ከጅብ መንጋ አመለጠች። ታዲያ ዝም ብሎ ማዳመጥ የለም፤ በየምሽቱ ከመልኳ አንዱን በቃሌ ካልያዝኩ ታሪኩ አይቀጥልም። የጆሮዋ ምሽት ነበር፤ አጭር፣ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ዞር ያለ። የግንባሯ ምሽት ነበር፤ መዳፍ የሚያስተኛ ሰፊ። ዓይኗ ጎላ ያለ፣ ጀርባዋ አጭር፣ ቅልጥሟ ሥጋ የሌለው ደረቅ፣ ሰኮናዋ እንደ ተገለበጠ ስኒ ክብና ጠንካራ። በመንጋጋ አጥንቶቿ መሐል ቡጢ ማለፍ አለበት፤ አለበለዚያ ስትሮጥ ትንፋሽ ያጥራታል። ቁመቷስ ስላቸው «ከሰው ደረት አትበልጥም፤ ቁመትማ ሸንበቆም አለው» ይሉኛል። አንዷን ከረሳሁ ሸጋን ከነሙሽራዋ ውሃው መሐል አቁመዋት ሊተኙ ይነሳሉ። እስከ ማግስቱ ማታ ሙሽራዋ ብትሰምጥስ እያልኩ ስጨነቅ እውል ነበር።

አባቴ ባለ ጋሪ ነበር፤ በዚህ ሁሉ ይስቅብናል። «ተረት ገብስ አይሆን» ይላል። በአንድ ክረምት ግን ፈረሳችን በከባድ መኪና ጡሩምባ ደንብሮ ጋሪውን ቦይ ውስጥ ገለበጠው። ፈረሱ ሞተ፣ የአባቴም ክንድ ተሰበረ። ቤታችን የነበረው ጥሪት አንድ ፈረስ ብቻ የሚገዛ ነበር፤ እሱም ደንባራ ከሆነ ጋሪው ይቆማል፣ እኛም ልጆቹ ከትምህርት ቤት እንቀራለን።

ክንዱ እንደዳነ አንድ የፈረስ ነጋዴ ሁለት ፈረሶች እየሳበ ደጃችን መጣ። አንዱ አንገቱን ሲቀለብስ መንገደኛ የሚያስቆም ግዙፍ ነጭ አምባላይ ነበር። ሌላዋ አቧራ የጠጣች ትንሽ ዳማ ባዝራ፤ ለምርቃት የመጣች ትመስላለች። አባቴ የአምባላዩን ገመድ ጨብጧል። እኔ የባዝራዋን ጆሮ አየሁ፤ ከዚያ ግንባሯን፣ ከዚያ ቅልጥሟን። ተንጠራርቼ ቡጢዬን በመንጋጋዋ መሐል ሰደድኩና «አባዬ፣ ሸጋ ናት! ሸጋ መጣች!» ብዬ ጮህኩ።

ነጋዴው በሳቅ ፈነዳ። አባቴ አፈረና «ዝም በይ! የተረት ፈረስ ጋሪ አይጎትትም» አለኝ።

«እሺ አባባ ይዳስሷት!» አልኩ። እንባዬ መጥቶ ነበር።

አያቴ ጩኸቴን ሰምተው በበትራቸው እየተመሩ ወጡ። ጣቶቻቸው ከጆሮዋ ጀምረው ቀስ እያሉ ወረዱ። ቡጢዬ እንዳለፈ ስነግራቸው «ያንቺማ በድመት መንጋጋም ያልፋል» አሉና ያን ወፍራም ቡጢያቸውን ራሳቸው ሰደዱ። አለፈ። ፊታቸው በራ። «ወላሂ፣ እሷው ናት» አሉ።

«አባባ፣ ይቺን እኮ ነፋስ ይወስዳታል» አለ ነጋዴው።

«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» አሉ አያቴ። «የሁለቱንም ገመድ መሬት ጣሉት። ማንም እንዳይነካቸው። አውሮፕላን ይምጣ።»

ጠበቅን። አባቴ አንዴ ሰማዩን አንዴ አባቱን ያያል። በመጨረሻ መጣ፤ ያን ቀን ደግሞ ከሁልጊዜው የባሰ ዝቅ ብሎ ነበር። አምባላዩ በኋላ እግሩ ቆመና የጎረቤታችንን አጥር ጥሶ ነጎደ፤ ነጋዴውም እየተሳደበ ተከተለው። ዳማዋ ግን ጆሮዋን ብቻ ወደ ሰማይ አዞረች። ቆይታ መለሰችው፤ ከዚያም አፍንጫዋን አያቴ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

«ይሄን እኮ አልነገሩኝም» አልኳቸው።

«ለመጨረሻው ምሽት ያስቀመጥኩት ነበር» አሉ። «ሌላው መልክ ነው፤ ይሄ ልብ ነው።»

አባቴ ገመዷን ከመሬት አንስቶ እጄ ላይ አኖረው። «በይ ስም አውጪላት» አለኝ። ስምማ ነበራት።

ሸጋ ትልልቆቹ ፈረሶች የሚለግሙበትን የጎሮን የጭቃ ዳገት ጋሪ ሙሉ ጭነት እየጎተተች ስትወጣው፣ መጀመሪያ በትንሽነቷ የሳቁብን ባለ ጋሪዎች ራሳቸው «ትንሽ ሥጋ እንደ መርፌ ትወጋ» እያሉ ያጨበጭቡላት ነበር። ከጭነቱ ላይ ተቀምጬ እንደ ንግሥት እጄን አወዛውዝላቸዋለሁ። እኛም ከትምህርት ቤት አልቀረንም።

ዛሬ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም በማይርቅ ጋጣ ምርጥ ዝርያ ያላቸውን ትንንሽ የግልቢያ ፈረሶች ስመረምር፣ የዝርያው መለኪያ በፎርም ይሰጠኛል፤ ጆሮ አጭር፣ ግንባር ሰፊ፣ ዓይን ጎላ ያለ። ሳነበው ሳቄ ይመጣል፤ በኩበት ጭስ እያነባሁ የተማርኩትን አንድ በአንድ ጽፈውታል። አንዱ ብቻ አምልጧቸዋል። ስለዚህ ከመፈረሜ በፊት ገመዱን መሬት እጥልና እጄን አንስቼ «ቆዩ፣ ይለፍ» እላለሁ። ረዳቶቼ የአውሮፕላኑ ጩኸት የሚረብሸኝ ይመስላቸዋል። እኔ ግን የባዝራዋን ጆሮ እያየሁ ነው።